ሴሮቶኒንን ስለሚከለክሉ መድኀኒቶች ታሪክ፤ ከጋዱም ግምት እስከ ኬታንሴሪን

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ኬታንሴሪን የተባለው መድኀኒት ከየት እንደ መጣና በአንጐል ምርምር ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ እንደ ያዘ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ኬታንሴሪን በመጀመሪያ የተሠራው ለደም ግፊት ሕክምና ነበር። ዛሬ ግን ስሙ በይበልጥ የሚነሣው በሐኪም ቤት ሳይሆን በቤተ ሙከራ ነው፤ ይኸውም በአንጐል ውስጥ ሴሮቶኒን ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱን ስለሚዘጋ ነው።

ነገሩ የታሪክ ተማሪን የሚያገባው አይመስል ይሆናል። ነገር ግን ታሪክ የሚመረምረው ነገሥታትንና ጦርነቶችን ብቻ አይደለም። የሰው ልጅ አንድን ነገር «ዐወቅሁ» ለማለት በምን ማስረጃ እንደ ደፈረ፥ ማስረጃውም ሲጐድልበት ምን እንዳደረገ መመርመር የታሪክ ሥራ ነው። በሴሮቶኒን ነገር አንድ ትልቅ ግምት በ1953 ተነሣ፤ በ1955 የወደቀ መሰለ፤ በ1998 ደግሞ በሰው ላይ በተደረገ ሙከራ ዋናው ሐሳቡ ትክክል፥ አካሄዱ ግን የተገለበጠ መሆኑ ታየ። በግምቱና በማረጋገጫው መካከል 45 ዓመት ያለፈው ለምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ መልስ ለመስጠት የሚሞክረው ለዚህ ጥያቄ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ የተቈጠሩት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

1. ሴሮቶኒን እንዴት እንደ ተገኘ

ሴሮቶኒን የተገኘው ሁለት ጊዜ፥ በሁለት አገር፥ በሁለት ስም ነው። በኢጣልያ አገር ቪቶርዮ ኤርስፓመር የተባሉት ሊቅ በ1930ዎቹ ዓመታት ከአንጀት ግድግዳ ውስጥ ጡንቻን የሚያኰማትር ንጥረ ነገር አግኝተው «ኤንቴራሚን» ብለው ሰየሙት። በአሜሪካ ደግሞ በክሊቭላንድ ከተማ አርቪን ፔጅ የደም ግፊትን ምክንያት ሲፈልጉ አንድ ችግር ያውካቸው ነበር። ደም በረጋ ጊዜ የደም ሥርን የሚያጠብ ነገር ከውስጡ ይወጣል፤ ይህም የሚፈልጉትን ነገር እንዳያዩ ይጋርድባቸዋል። ስለዚህ ይህን አዋኪ ነገር ለይተው ለማስወገድ ሲሉ ከሞሪስ ራፖርትና ከአርዳ ግሪን ጋር ሆነው ከበሬ ደም አጠሩት። ግኝታቸውም በ1948 ታተመ። ከሴረም የተገኘና የደም ሥርን የሚያጠነክር ስለ ሆነ «ሴሮቶኒን» ተባለ። በ1949 ራፖርት የንጥረ ነገሩን አሠራር አስታወቁ፤ በ1952 ደግሞ ኤርስፓመርና አሴሮ ኤንቴራሚንና ሴሮቶኒን አንድ ነገር መሆናቸውን አረጋገጡ።

እስከዚህ ድረስ ሴሮቶኒን የአንጀትና የደም ነገር እንጂ የአንጐል ነገር ነው ብሎ የጠረጠረ ብዙ ሰው አልነበረም። ይህን የለወጡት ቤቲ ትዋሮግ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ናቸው። እኚህ ሴት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የሚያጠኑት ከባሕር ዐለት ጋር ተጣብቆ የሚኖረውን ባለ ዛጎል እንስሳ ነበር። የዚያን እንስሳ ጡንቻ ለማላላት ሴሮቶኒን ኀይል እንዳለው ከተመለከቱ በኋላ፥ «የዝቅተኛ እንስሳ ነርቭ የሚጠቀምበት ነገር በከፍተኞቹም እንስሳት አንጐል ውስጥ ለምን አይገኝም?» ብለው ጠየቁ። ወደ ክሊቭላንድ ሄደው ከፔጅ ዘንድ ሠሩ፤ እጅግ ጥቂቱን ሴሮቶኒን እንኳ ለመለካት የባሕር ዛጎል ልብ እንደ ሚዛን ሆኖ አገለገላቸው። በ1953 የታተመው ጽሑፋቸው ሴሮቶኒን በአጥቢ እንስሳት አንጐል ውስጥ መኖሩን አሳወቀ።

2. የጋዱም ግምት

በዚያው ዘመን በስዊስ አገር ሌላ ታሪክ በመካሄድ ላይ ነበር። በባዝል ከተማ በሳንዶዝ የመድኀኒት ኩባንያ የሚሠሩት አልበርት ሆፍማን ኤርጎት ከተባለው ሻጋታ የሚገኙትን ንጥረ ነገሮች ይመረምሩ ነበር። ኤርጎት በእህል ዛላ ላይ የሚበቅል ጥቁር ሻጋታ ሲሆን፥ በአውሮፓ ታሪክ ሕዝብን የፈጀ መርዝ ሆኖ ይታወቃል። በአገራችንም በ1977 እና በ1978 በወሎ፥ በ2001 ደግሞ በአርሲ ሻጋታው የተቀላቀለበትን እህል የበሉ ሰዎች የደም ሥራቸው እየጠበበ እጅና እግራቸው እስከ መበስበስ እንደ ደረሰ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ሆፍማን በ1938 ከዚህ ወገን ኤል.ኤስ.ዲ. የተባለውን ሠሩ። በሚያዝያ ወር 1943 ኀይሉ በአጋጣሚ ከተሰማቸው በኋላ፥ ኤፕሪል 19 ቀን አንድ አራተኛ ሚሊግራም ራሳቸው ወስደው ብርቱ ቅዠት አገኛቸው። ከአንድ የስኳር ቅንጣት የማይበልጥ ነገር የሰውን አእምሮ ለሰዓታት መለወጡ ሊቃውንቱን አስደነቀ።

በስኮትላንድ በኤዲንበራ ዩኒቨርሲቲ የመድኀኒት ጥናት ፕሮፌሰር የነበሩት ጆን ጋዱም የሁለቱን ታሪክ ጫፍ ያገናኙ ሰው ናቸው። የዘመኑ የአሠራር ዘዴ እንዲህ ነበር፦ የአይጥ ማሕፀን ቁራጭ ሞቅ ባለ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይሰቀላል፤ ሴሮቶኒን ሲጨመርበት ይኰማተራል፤ መኰማተሩም በሚዞር ወረቀት ላይ መስመር ሆኖ ይጻፋል። ጋዱም በ1953 እንዳስታወቁት፥ እጅግ ጥቂት ኤል.ኤስ.ዲ. አስቀድሞ ከተጨመረ ሴሮቶኒን ጡንቻውን ማኰማተር ይሳነዋል። ከባልደረቦቻቸውም ጋር ሴሮቶኒን በውሻ አንጐል ውስጥ በየስፍራው እኩል እንዳልተበተነና ሃይፖታላመስ በተባለው ክፍል እንደሚበዛ በ1954 አሳዩ። ጋዱም የመድኀኒቱን ኀይል በራሳቸውም ላይ ሞክረው አይተው ነበር።

ከዚህ በኋላ ግምቱ በቀላሉ ይከተላል። ኤል.ኤስ.ዲ. ሴሮቶኒንን ይከለክላል፤ ሴሮቶኒን በአንጐል ውስጥ አለ፤ ኤል.ኤስ.ዲ. አእምሮን ያቃውሳል፤ እንግዲያስ አእምሮን በጤና የሚያቈየው ሴሮቶኒን ሊሆን ይችላል። በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ተመራማሪዎች የነበሩት ዲልዎርዝ ዉሊና ሾው በ1954 ይህንኑ ሐሳብ እስከ ሕመም አድርሰው፥ አንዳንድ የአእምሮ በሽታ የሚመጣው በአንጐል ውስጥ የሴሮቶኒን ሥራ ሲጓደል ነው ብለው ጻፉ። ዉሊ በስኳር በሽታ ምክንያት በወጣትነታቸው ዐይናቸው የጠፋ ሰው ነበሩ፤ ይህም ሆኖ ምርምራቸውን እስከ መጨረሻው ቀጠሉ።

ይህ ግምት በዚያ ዘመን ምን ያህል ተስፋ እንደ ሰጠ መገመት አያዳግትም። የአእምሮ ሕመምተኞች ዕድሜ ልካቸውን በየተቋሙ ተዘግተው ይኖሩ ነበር፤ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኀኒት በፓሪስ ለሕሙማን መሰጠት የጀመረው ገና በ1952 ነው። እብደት የነፍስ ጥፋት ወይም የአስተዳደግ በደል ሳይሆን ስም ያለው፥ የሚመዘን፥ ምናልባትም የሚተካ ነገር ጉድለት ነው ማለት ለሕመምተኛውና ለቤተ ሰቡ ትልቅ ነገር ነበር። ስለዚህም የግምቱ መውደቅና መነሣት የሊቃውንት ክርክር ብቻ አልነበረም።

3. ብሮም የተጨመረበት ኤል.ኤስ.ዲ. ያመጣው ችግር

ግምቱን የተፈታተነው ነገር የመጣው ኤል.ኤስ.ዲ. ከተሠራበት ከሳንዶዝ ቤት ነው። ቸርሌቲና ሮትሊን በ1955 በታተመ አጭር ጽሑፍ ከኤል.ኤስ.ዲ. ጋር እጅግ የሚመሳሰል፥ ልዩነቱ አንድ የብሮም አቶም የተጨመረበት መሆኑ ብቻ የሆነ ንጥረ ነገር አስታወቁ። ይህ ንጥረ ነገር በማሕፀን ጡንቻ ላይ ሴሮቶኒንን በመከልከል ከኤል.ኤስ.ዲ. አያንስም፤ ሰው ሲወስደው ግን እንደ ኤል.ኤስ.ዲ. ያለ ቅዠት አያመጣም።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ነገሩን ይመዝን። ሴሮቶኒንን መከልከል አእምሮን የሚያቃውስ ከሆነ፥ እኩል የሚከለክሉ ሁለት መድኀኒቶች እኩል ማቃወስ ነበረባቸው። አንዱ አቃውሶ ሌላው ዝም ካለ፥ ወይ ሴሮቶኒን በነገሩ የለበትም፥ ወይም «ከለከለ» የተባለው ቃል ራሱ በሁለት ነገር ላይ የተሰጠ አንድ ስም ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ያዘነበሉት ወደ መጀመሪያው ሐሳብ ነበር። እውነቱ የነበረው ግን በሁለተኛው ውስጥ ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስችል መሣሪያ ገና ስላልተሠራ ክርክሩ ሳይፈታ ለረጅም ጊዜ ተንጠለጠለ።

4. ጓጉንቸሮቹን መለየት

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። በሕዋስ ገጽ ላይ ያለው «ተቀባይ» እንደ ጓጉንቸር ነው፤ ሴሮቶኒን ደግሞ መክፈቻው ነው። ከልካይ መድኀኒት ማለት በጓጉንቸሩ ቀዳዳ የሚገባ፥ ነገር ግን የማይዞር ሐሰተኛ መክፈቻ ነው፤ እርሱ ገብቶ ሳለ እውነተኛው መክፈቻ ሊገባ አይችልም። የ1953ቱ ሊቃውንት መክፈቻውን ያውቁ ነበር፤ ጓጉንቸሩ ግን አንድ ብቻ ይመስላቸው ነበር።

አንድ አለመሆኑን መጀመሪያ ያሳዩት ጋዱም ራሳቸው ናቸው። በ1957 ከፒካሬሊ ጋር በጊኒ ፒግ አንጀት ላይ ባደረጉት ሙከራ፥ ሴሮቶኒን የሚያመጣው መኰማተር በሁለት መንገድ እንደሚሄድ አገኙ። አንደኛውን መንገድ ዲቤንዚሊን የተባለ መድኀኒት ሲዘጋው፥ ሁለተኛውን ሞርፊን ይዘጋዋል። ስለዚህ በመድኀኒቶቹ ስም የመጀመሪያ ፊደል «ዲ» እና «ኤም» ብለው ሰየሟቸው። ዘዴው መልካም ነበር፤ ስያሜው ግን ስለ አንጀት እንጂ ስለ አንጐል ምንም አይናገርም።

በ1959 በፍሎረንስ ሲኩቴሪ ሜቲሰርጃይድ የተባለውን ሌላ የኤርጎት ወገን ከልካይ ማይግሬን ለሚባለው ብርቱ ራስ ምታት መከላከያ አድርገው አቀረቡ። መድኀኒቱ ብዙ ሰዎችን ረድቷል፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ በወሰዱት አንዳንድ ሕሙማን ሆድ ውስጥ በኩላሊት ቱቦዎች ዙሪያ ጠባሳ የመሰለ ሥጋ እንደሚያበቅል በ1960ዎቹ ዓመታት ታወቀ። ለምርምርም ቢሆን ንጹሕ መሣሪያ አልነበረም፤ ብዙ ዓይነት ጓጉንቸር ውስጥ ስለሚገባ የትኛውን ዘግቶ ውጤቱን እንዳመጣ መለየት አይቻልም።

በ1964 የስዊድን ተመራማሪዎች ዳልስትረምና ፉክሰ ሴሮቶኒን ያለባቸውን ሕዋሳት በብርሃን የሚያሳይ ዘዴ ተጠቅመው በአንጐል ግንድ መካከል ራፌ በተባለው ስፍራ ተሰብስበው አገኟቸው። ሴሮቶኒን በማይክሮስኮፕ ሥር ቢጫ ሆኖ ያበራ ነበር። ቍጥራቸው ጥቂት የሆነው እነዚህ ሕዋሳት ቅርንጫፎቻቸውን ወደ አንጐል ሁሉ ይዘረጋሉ። እንግዲህ መክፈቻው ከየት እንደሚመጣ ታወቀ፤ የቀረው ጓጉንቸሮቹን መቍጠር ነበር።

ይህም የሆነው በ1979 በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፔሩትካና ስናይደር ራዲዮአክቲቭ ምልክት የተደረገባቸውን መድኀኒቶች ከተፈጨ የአይጥ አንጐል ጋር በማዋሐድ የትኛው የት እንደሚጣበቅ ለኩ። ምልክት የተደረገበት ሴሮቶኒን የሚጣበቅበት ቦታና ስፒፔሮን የተባለው መድኀኒት የሚጣበቅበት ቦታ የተለያዩ ሆነው ተገኙ፤ ኤል.ኤስ.ዲ. ግን በሁለቱም ላይ ይጣበቃል። የመጀመሪያውን ሴሮቶኒን-1፥ ሁለተኛውን ሴሮቶኒን-2 ብለው ሰየሙ። ነገር ግን ስፒፔሮን ዶፓሚን የተባለውንም መልእክተኛ ጓጉንቸር አጥብቆ ስለሚይዝ፥ ሴሮቶኒን-2ን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር።

5. ከቤርሰ የመጣው መድኀኒት

በቤልጅግ አገር ቤርሰ በተባለች አነስተኛ ከተማ ፖል ያንሰን በ1953 የመሠረቱት የመድኀኒት ኩባንያ ነበር። ከዚያ ቤት በ1958 የተገኘው ሃሎፔሪዶል ለአእምሮ ሕሙማን ሕክምና በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። ኬታንሴሪንም ከዚያው ቤት ወጣ፤ በመጀመሪያ የሚታወቀው አር 41 468 በሚል ቍጥር ነበር። በ1981 ፋን ኑተንና ባልደረቦቻቸው በደም ሥር ላይ ያለውን ሥራ፥ ጆዜ ላይሰንና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በተቀባዮች ላይ ያለውን ጠባይ አሳተሙ። በ1982 ላይሰን ራዲዮአክቲቭ የሆነውን ኬታንሴሪን በአይጥ አንጐል ውስጥ የሴሮቶኒን-2 ጓጉንቸር መለያ አድርገው አቀረቡ።

ኬታንሴሪን የኤርጎት ወገን አይደለም፤ ከመሠረቱ በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው። በአንድ ሞለኪውል ውስጥ 22 የካርቦን፥ 22 የሃይድሮጅን፥ 3 የናይትሮጅን፥ 3 የኦክስጅንና አንድ የፍሎሪን አቶሞች አሉት። የስሙ መጨረሻ ሴሮቶኒንን የሚያስታውስ ሲሆን፥ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሪታንሴሪን፥ አልታንሴሪንና ሌሎችም በተመሳሳይ ስም ተጠርተዋል።

መድኀኒቱ የታሰበው ለደም ግፊት ነበር። ሐሳቡም ሴሮቶኒን የደም ሥርን ካጠበበ፥ እርሱን መከልከል ያሰፋዋል የሚል ነው። በእርግጥም ኬታንሴሪን ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። ነገር ግን አልፋ-1 የተባለውን የአድሬናሊን ወገን ጓጉንቸርም ስለሚዘጋ፥ ግፊቱን ዝቅ ያደረገው ሴሮቶኒንን በመከልከሉ ነው ወይስ አድሬናሊንን የሚለው ክርክር አስነሣ። በ1989 የታተመ ትልቅ የሕክምና ሙከራ ደግሞ፥ ከሰውነት ፖታሲየምን ከሚያስወጡ ሽንት አብዢ መድኀኒቶች ጋር አብሮ ሲወሰድ ለልብ አደገኛ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ በሐኪም ቤት የታሰበለትን ያህል ሰፊ ስፍራ ሳያገኝ ቀረ።

ፔጅ ሴሮቶኒንን ያገኙት የደም ግፊትን ምክንያት ሲፈልጉ ነበር፤ ኬታንሴሪንም የተሠራው ለዚያው ለደም ግፊት ነበር። ሁለቱም ዋና ፍሬያቸውን የሰጡት ግን በአንጐል ጥናት ነው። ይህም ተመራማሪ የሚፈልገውን ብቻ ሳይሆን ያገኘውንም ነገር ማክበር እንዳለበት ያስገነዝባል።

6. አይጥ የሰጠው ምስክርነት

አይጥ ያየችውን ቅዠት ልትነግረን አትችልም። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ በዘዴ ጠየቋት። አይጧ ሁለት መጫኛ ባለበት ሣጥን ውስጥ ትገባለች። ቅዠት አምጪ መድኀኒት በተወጋች ቀን ምግብ የምታገኘው አንደኛውን መጫኛ ስትጫን ነው፤ ጨዋማ ውሃ ብቻ በተወጋች ቀን ግን ሁለተኛውን ስትጫን ነው። በብዙ ልምምድ በሰውነቷ ውስጥ የሚሰማትን ነገር ለይታ ትክክለኛውን መጫን ትማራለች። ከዚያ በኋላ ከልካዩን አስቀድሞ በመስጠት መጠየቅ ይቻላል።

በ1982 በቤርሰ ኮልፓርትና ባልደረቦቻቸው የኬታንሴሪን ዘመድ የሆነው ፒሬንፔሮን የኤል.ኤስ.ዲ.ን ስሜት እንደሚያጠፋ አገኙ። በአሜሪካ በሪችመንድ ከተማ ሪቻርድ ግሌነንና ባልደረቦቻቸው በ1983 ዲ.ኦ.ኤም. የተባለውን ቅዠት አምጪ መለየት የተማሩ አይጦች፥ ኬታንሴሪን አስቀድሞ ሲሰጣቸው ጨዋማ ውሃ እንደ ተወጉ ሆነው የውሃውን መጫኛ እንደሚጫኑ አሳዩ። በ1984 ደግሞ ግሌነንና ቲትለር አንድ አስደናቂ ንጽጽር አቀረቡ። ብዙ ቅዠት አምጪ መድኀኒቶችን ወስደው እያንዳንዱ ኬታንሴሪን የሚገባበትን ጓጉንቸር ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ለኩ፤ ከዚያም ሰውን ለማቃወስ ከሚያስፈልገው መጠን ጋር አስተያዩት። አጥብቆ የሚይዘው በጥቂት መጠን፥ አላልቶ የሚይዘው በብዙ መጠን የሚሠራ ሆነ።

ይህ ውጤት የጋዱምን ግምት ከሞት አስነሣው፤ ነገር ግን ገልብጦ ነው። ኬታንሴሪን ሴሮቶኒን-2ን ሲዘጋ ቅዠት አልመጣም፤ እንዲያውም ቅዠት አምጪው ሥራውን ዐጣ። ስለዚህ ኤል.ኤስ.ዲ. አእምሮን የሚያቃውሰው ጓጉንቸሩን በመዝጋት ሳይሆን በመክፈት ነው ማለት ነው።

ታዲያ ጋዱም በማሕፀን ጡንቻ ላይ ያዩት ሐሰት ነበርን? አይደለም። ኤል.ኤስ.ዲ. በከፊል ብቻ የሚዞር መክፈቻ ነው። እንዲህ ያለ መክፈቻ ሙሉ መዞር በሚያስፈልግበት ስፍራ ሲገባ እውነተኛውን መክፈቻ ከማገዱ በቀር ምንም አያደርግም፤ ከልካይም ይመስላል። ጥቂት መዞር በሚበቃበት ስፍራ ግን በሩን ይከፍተዋል። ብሮም የተጨመረበት ኤል.ኤስ.ዲ. ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ይገባል፤ የሚዞረው ግን ቅዠትን ለማምጣት እስከሚበቃ ድረስ አይደለም። እንግዲህ የ1955ቱ እንቈቅልሽ የተፈታው ሁለቱ መድኀኒቶች ቀድሞም እኩል «ከልካዮች» እንዳልነበሩ ሲታወቅ ነው። ጡንቻው እውነቱን ተናግሯል፤ ስሕተቱ የጡንቻን ቃል ለአእምሮ ምስክር አድርጎ መቍጠር ነበር።

7. በዙሪክ የተደረገው ሙከራ

የአይጥ ምስክርነት ምንም ቢጠነክር ስለ ሰው አእምሮ የመጨረሻ ቃል ሊሆን አይችልም። በ1998 በዙሪክ ፍራንትስ ፎለንቫይደርና ባልደረቦቻቸው፥ ከአንዳንድ እንጕዳዮች የሚገኘውን ፕሲሎሲቢን ለጤነኛ ፈቃደኛ ሰዎች ሰጡ። ኬታንሴሪን አስቀድመው በወሰዱት ላይ፥ እንደ መጠኑ ብዛት፥ የፕሲሎሲቢን ቅዠት ተከለከለ። የዶፓሚንን ጓጉንቸር የሚዘጋው ሃሎፔሪዶል ግን ቅዠቱን አልከለከለም፤ እንዲያውም የአእምሮው መቃወስ ባሰ። ከዚህ ንጽጽር የተነሣ ኬታንሴሪን የከለከለው በማደንዘዝ ብቻ ነው ማለት አስቸጋሪ ሆነ።

በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በተለየ መንገድ መጣ። ጓጉንቸሩን በመድኀኒት ከመዝጋት ይልቅ፥ ሴሮቶኒን-2ኤ የተባለውን ጓጉንቸር የሚሠራው ዘር የጠፋባቸውን የቤት አይጦች ወስደው ኤል.ኤስ.ዲ. ሰጧቸው። በጤነኛ አይጥ ላይ ኤል.ኤስ.ዲ. የሚያመጣው የራስ መንቀጥቀጥ በእነዚህ ላይ አልታየም። በ2017 ካትሪን ፕሬለርና ባልደረቦቻቸው በዙሪክ 40 ሚሊግራም ኬታንሴሪን፥ ከዚያም 100 ማይክሮግራም ኤል.ኤስ.ዲ. ለሰጧቸው ሰዎች ኤል.ኤስ.ዲ. ያለ ወትሮው ኀይሉን እንዳጣ አስታወቁ። በኤል.ኤስ.ዲ. ጊዜ ምንም ትርጕም ያልነበረው ዜማ ጥልቅ ትርጕም ያለው ሆኖ ይሰማል፤ ኬታንሴሪን አስቀድሞ ከተወሰደ ግን ያ ስሜት አይመጣም። አንድ ነገር ለአንድ ሰው ትርጕም እንዲኖረው የሚያደርግ ሥራ በአንጐል ውስጥ ስፍራ ያለው መሆኑ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

8. የመሣሪያው ጉድለት

ኬታንሴሪን ከሜቲሰርጃይድ ይልቅ ንጹሕ ቢሆንም ፍጹም አይደለም። ከላይ እንደ ተገለጸው የአድሬናሊን ወገን የሆነውን አልፋ-1ን ይዘጋል፤ የሂስታሚንንም ጓጉንቸር ይነካል። በ1988 ደግሞ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን በነርቭ ጫፍ ወዳለው ከረጢት የሚጭነውን አጓጓዥ እንደሚይዝ ታወቀ። ይህ ማለት በአንዳንድ የአንጐል ክፍሎች ራዲዮአክቲቭ ኬታንሴሪን ያበራበት ቦታ ሁሉ የሴሮቶኒን ጓጉንቸር አይደለም ማለት ነው። በ1994 የተስማሙበት የስያሜ ሥርዐት የሴሮቶኒን ተቀባዮች በ7 ወገን የሚከፈሉ 14 ዓይነት መሆናቸውን ከዘረዘረ በኋላ፥ ቀድሞ በአንድ ስም ሴሮቶኒን-2 ይባል የነበረውም ሦስት ሆነ።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ሴሮቶኒን-2ኤን ይበልጥ ለይቶ የሚይዝ ቮሊናንሴሪን የተባለ መድኀኒት አዘጋጁ። መልካም መሣሪያ ሆነ። ለስኪዞፍሬንያ ሕክምና ሲሞከር ግን መድኀኒት ሆኖ ሳይወጣ ቀረ። ይህም ለዉሊና ለሾው ግምት ከባድ ማስታወሻ ነው። ኤል.ኤስ.ዲ. ያመጣውን ቅዠት የሚያጠፋ ነገር ስኪዞፍሬንያን በዚያው መጠን ካላጠፋ፥ ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም ማለት ነው። በሌላ በኩል ከዚሁ የምርምር መንገድ በ2016 በአሜሪካ የተፈቀደው ፒማቫንሴሪን በፓርኪንሰን በሽታ ለሚመጣ ቅዠት መድኀኒት ሆኗል። እንግዲህ ተስፋው ከንቱ አልነበረም፤ የተፈጸመው ግን በታሰበበት በር በኩል አይደለም።

መደምደሚያ

በመግቢያው የተጠየቀው ጥያቄ፥ ግምቱን ለመፈተን 45 ዓመት ያስፈለገው ለምንድን ነው የሚል ነበር። ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ምክንያቶች ይታያሉ። አንደኛው፥ ጓጉንቸሮቹ ብዙ ሳሉ አንድ ተደርገው መቈጠራቸው ነው። ሁለተኛው፥ ከልካዮቹ ንጹሓን ስላልነበሩ ውጤታቸውን ወደ አንድ ምክንያት መመለስ አለመቻሉ ነው። ሦስተኛው፥ ከማሕፀንና ከአንጀት ወደ አንጐል፥ ከአይጥም ወደ ሰው የሚወስደው መንገድ በማስረጃ ሳይሆን በተስፋ መዘለሉ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የጋዱምን ክብር አይቀንስም። ሴሮቶኒን በነገሩ አለበት ያሉት ትክክል ነበር፤ የተገለበጠው አቅጣጫው ነው። ደግሞም ግምታቸውን በሚፈተን ቃል ስላስቀመጡት ቸርሌቲና ሮትሊን ሊፈትኑት ቻሉ፤ የፈተናውም ውጤት ሌሎችን ወደ ተሻለ መሣሪያ መራ። በምንም ፈተና ሊወድቅ የማይችል ግምት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ሳይወድቅና ሳይጠቅም ይኖር ነበር።

ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በመድኀኒት ጥናት ብቻ የሚወሰን አይመስለኝም። በታሪክም፥ በሕግም፥ በኢኮኖሚም ጽሑፍ ውስጥ «ይህ ስለ ቀረ ያ ሆነ» የሚል አነጋገር እናገኛለን። እንዲህ ያለውን ቃል በሰማን ጊዜ የቀረው ነገር ብቻውን ቀርቶ እንደ ሆነ፥ ወይስ ከእርሱ ጋር ሌላም ነገር አብሮ ቀርቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። የኬታንሴሪን ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ከሌሎች ከልካዮች አልፈው በገዛ መሣሪያቸው ላይ እንኳ ከማንሣት አልተቈጠቡም። የሰውን ልጅ ሕመም በሚመለከት ነገር ላይ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ በቂ አይደለም።